ቃጫው ያለበት ተረተር

ቮይ፣ ኬንያ
ጥቅምት 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አሰጋሽ ቢተው
መካነ ሰላም

እናቴ ስትሞት እናት የሆኑኝ አክስቴ፣ ይህች ወረቀት እርስዎንም እህቴን ሐረግንም ከበሽታ ርቃችሁ፣ ከጎረቤት ተስማምታችሁ ታግኛችሁ። እኔ የእርስዎ ጸሎት ረድቶኝ በደህና አለሁ።

የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ሞያሌን ከተሻገርኩ ወዲህ ብዙ ተንከራትቼ ነበር። አሁን ቮይ በምትባል ቦታ ከአንድ ትልቅ እርሻ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የሚተከለው ጤፍ ወይም ቡና እንዳይመስልዎ፤ ቃጫ ነው። እኛ አገር ከብት እንዳያልፍ በአጥር ዳር የምናቆመው፣ የልጅ ዓይን ይወጋል ብለን የምንፈራው ቃጫ፣ እዚህ ዓይን እስከሚደርስበት ሜዳውን ሞልቶታል። ያገሩ ሰው ምኮንጌ ይለዋል። ከቅጠሉ የሚወጣው ክር ገመድና ጆንያ ሊሆን በመርከብ ይጫናል። የኔ ሥራ ክሩ በሽቦ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ መጠበቅና መገልበጥ ነው።

ሥራው ላይ ሆኜ ሁልጊዜ የማስበው ከቤታችን በላይ ያለውን ተረተር ነው። አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገብስ ቢዘሩበት ዘሩን እንኳ አልመለሰላቸውም። ቀይ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ቢጥልም ውሃ አይቆምበትም። ቃጫ የሚወደው ይህንኑ ነው፤ የሚገድለው የተኛ ውሃ ነው እንጂ ጥም አይደለም።

ምክሬን ቢሰሙኝ፣ በአጥሩ ከቆሙት ከትልልቆቹ ሥር የበቀሉትን ልጆች ነቅለው እዚያ ይትከሏቸው። ወዲያው ግን አይትከሉ፤ የተቆረጠው ሥራቸው እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ይክረሙ። ጉድጓዱ ጥልቅ አይሁን፤ አንገታቸው ከአፈር በላይ ይቅር። በመካከላቸው አህያ ከነጭነቷ የምታልፍበትን ያህል ይተዉ።

ሐረግን ይሳሙልኝ። በሬያችን ዳለቻስ እንደምን ከረመ? ምርቃትዎ አይለየኝ።

የእህትዎ ልጅ
አድማሴ ብዙነህ


መካነ ሰላም
ጥር 5 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለልጄ ለአድማሴ ብዙነህ

በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ የወጣህበት በር ለመግቢያህ ይከፈትልህ። እኔ አክስትህ አሰጋሽ ነኝ። የሚጽፍልኝ ያ ክርና ጨው የሚሸጠው ጎረቤታችን አህመድ ነው፤ ታውቀዋለህ። እሱም ሰላም ብሎሃል።

ደብዳቤህ ሲነበብልኝ አንድ ጊዜ ሳቅሁ፣ አንድ ጊዜ ወጥቼ ተረተሩን አየሁ። የሳቅሁት ልጄ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ ያገኘው ቃጫ ነው ወይ ብዬ ነው። የወጣሁት አንተ ስትጠራው ነው። አጎትህ እዚያ ላይ ያፈሰሰው ላብ ትዝ አለኝ።

መኸሩ እንዳሰብነው አልሆነም። ዝናቡ በነሐሴ ቆረጠ፤ ገብሱ እሸት ሳይዝ ደረቀ። አብሽር፣ የከፋ ነገር የለም፤ የአምናው ጥሬ ጥቂት አለን።

እንግዲህ ያልከኝን አድርጌያለሁ። ሐረግ በዲጅኖ ድንጋዩን እየፈነቀለች፣ እኔ ልጆቹን እያቆምኩ፣ ከሥራቸው ጠጠር እየረገጥኩ ተረተሩን እስከ ወገቡ ተከልነው። መጀመሪያ ላይ እሾሁ እጄን ወግቶት አብጦ ነበር። ኋላ ሐረግ ብልሃት አገኘች፤ ከመንቀላችን በፊት ጫፍ ጫፉን በቢላ ትቀነጥበዋለች። ይህች ልጅ እጇ ጥሩ ነው። አንድ ነገር አይታ ሁለተኛ አታስነግርም።

ጎረቤታችን ቸኮል በበላይ መንገድ ሲያልፍ አይቶን፣ «አሰጋሽ፣ እሾህ ዘርቶ ምን ይታጨዳል?» አለኝ። እኔም፣ «አንተ ገብስ ዘርተህ ምን አጨድክ?» አልኩት። መንገዱን ቀጠለ። ኋላ ባልኩት አዘንኩ፤ የእሱ ማሳ ከሁላችንም የባሰ ነው። ሚስቱ እንቁም ሕፃን ታቅፋለች።

ለመሆኑ ሲታጨድ እንዴት ነው? የአጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቅጠላቸው ከኔ ቁመት አያንስም። ንገረኝ።

አክስትህ አሰጋሽ


ቮይ፣ ኬንያ
መጋቢት 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ጤናዎ እንደ ልቤ ምኞት ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ክሩ በተሰጣበት ሽቦ መካከል ቆሜ አንብቤው ብቻዬን ሳቅሁ። ለቸኮል የመለሱለትን አጠገባችሁ ቆሜ የሰማሁት ያህል ነው የታየኝ።

ስለ አጨዳው ይኸውልዎ። ቅጠሉ ወደ መሬት ሲያዘነብል ደርሷል ማለት ነው። ከሥር ያሉትን፣ ያዘነበሉትን ብቻ በማጭድ ከግንዱ አስጠግተው ይቁረጡ። ቀጥ ብለው የቆሙትን፣ በተለይ በመሐል እንደ ጦር ተጠቅልሎ ያለውን፣ በምንም ምክንያት አይንኩ። መሐሉ የተነካ ቃጫ አያገግምም። መሐሉ የተጠበቀ ግን ሁልጊዜ ይሰጣል።

ያጨዱትን በዕለቱ ይፋቁት፤ ካደረ ክሩ ይጠቁራል። እኛ ማሽን አለን፤ ለእናንተ የተደላደለ ሳንቃና የደነዘዘ ቢላ ይበቃል። ቅጠሉን ሳንቃው ላይ አስተኝተው ከጫፍ ወደ ሥር ሲገፉት ሥጋው ይለቅና ክሩ ይቀራል። ከዚያ ፀሐይ ነው የሚያነጣው። የቅጠሉ ውሃ ግን ቆዳ ያሳክካል፤ ሐረግ ክንዷን ቅቤ ትቀባ፣ ዓይኗንም አትንካ።

ጥቂት ገንዘብ በደሴ በኩል በአህመድ ስም ልኬያለሁ። ስለ በልጉ ይጻፉልኝ። ስለ ዳለቻም አልነገሩኝም።

አድማሴ


መካነ ሰላም
ሰኔ 18 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለልጄ ለአድማሴ

ባለህበት ክፉ አይይህ፣ ክፉ አይንካህ። የላክኸው ደርሶኛል፤ ተባረክ። ሌላ ግን አትላክ። ገንዘብ ይዘን ገበያ ብንወጣ የሚሸጥ እህል የለም። ነጋዴው ራሱ ቁና ደፍቶ ተቀምጧል።

በልጉ አልጣለም። አንድ ቀን አካፍቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሞፈር አወጣ፤ ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ከተንታ በኩልም ከለጋምቦ በኩልም ሰው ከነልጁ ወደ ደሴ ይወርዳል። በቤታችን በር የሚያልፈውን ስናይ እንውላለን። ውሃ እንሰጣለን። ከዚህ በላይ አላስጽፍልህም።

ስለ ቃጫው ልንገርህ፤ እሱ ይሻላል። የአጥሩን እንዳልከው አጨድን፣ ፋቅን፣ ገመድ ገመድን። አጅባር ገበያ ብንወስደው የሚገዛ ጠፋ። ሐረግ ገመዱን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቆማ፣ «አክስቴ፣ ከብቱ ካለቀ በገመድ ምን ይታሰራል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተሸክመነው ተመለስን።

በመንገድ ግን ከዓባይ ማዶ፣ ከጎጃም፣ በቆሎ ጭነው የሚሻገሩ ነጋዴዎች አገኘን። ጭነታቸው በየቦታው ይፈታል። ጠየቅኳቸው። የጠፍር መጫኛቸውን የራበው ውሻና ጅብ በየማደሪያው እየበላባቸው ነው አሉኝ። ሐረግ ከትከሻዋ ገመዱን አውርዳ አንዱን በቅሎ ጫነችላቸው። ሰውዬው ጎተት አድርጎ አየውና፣ «ይህን ውሻ አይበላውም» አለ። በገመዱ ልክ በቆሎ ሰጠን።

ከዚያ ወዲህ ገመዱን ይዘን እስከ ዓባይ መሻገሪያ እንወርዳለን። ቆላው ያቃጥላል፤ ዳገቱ ሲመለሱ ጉልበት ይበላል፤ ግን በቆሎ ይዘን እንወጣለን። አሁን የቸኮል ሚስት እንቁም፣ ሌሎች ሴቶችም ከኛ ጋር ይፍቃሉ። የፋቀ ይገምዳል፣ የገመደ ይካፈላል። እንቁን ብታያት! ልጇን በጀርባዋ አዝላ የምትገምደው መጫኛ ከኔ ይሻላል፤ ጭኗ ላይ ስታከረው እጇ አይታይም።

በል ደህና ሁን። ለኛ አታስብ።

አክስትህ አሰጋሽ


ቮይ፣ ኬንያ
ነሐሴ 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አምላክ ዘንድ የሚደርስ ጸሎት ካለኝ በዚህ ወራት ሁሉም የእናንተ ነው።

ስለ ዳለቻ ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ሁለቱንም ጊዜ ዝም አሉኝ። እንግዲህ ገብቶኛል። ሦስተኛ አልጠይቅም።

እዚህ ሬዲዮ ስለ አገራችን የሚናገር የለም። የሰማሁት ከሞያሌ ከመጣ ሾፌር ነው። በደሴ መንገድ ዳርና ዳር ያየውን ሲነግረኝ እራቴ ፊቴ ነበር፤ ማንሳት አቃተኝ። በሰው አገር የሚያጠግብ ምሳ እየበላሁ ለእርስዎ ስለ ቅጠል አቆራረጥ እጽፋለሁ።

አክስቴ፣ እለምንዎታለሁ። ቤቱንም ተረተሩንም ትታችሁ ደሴ ውረዱ፤ እርዳታ ይሰጣል ይባላል። ያም ካልሆነ ሐረግን ብቻ ከሚታመን ነጋዴ ጋር ይላኩልኝ፤ ሞያሌ ድረስ መጥቼ እቀበላታለሁ። ስለ መጫኛው የጻፉልኝን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት እንዳመጣችሁት ስገረም አድራለሁ። ግን ብልሃትም ልክ አለው። በፍጥነት ይመልሱልኝ።

አድማሴ


መካነ ሰላም
ኅዳር 20 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለአድማሴ

ከራብም ከክፉ ወሬም ይሰውርህ። መልስ ያዘገየሁት ጨክኜ አይደለም፤ አህመድም ታሞ ነበር፣ እኔም ጊዜ አልነበረኝም።

ደሴ አልወርድም። የወረዱትን አውቃለሁ፤ የተመለሱትንም አውቃለሁ። ሐረግንም ጠየቅኳት፣ ወንድምሽ ይጠራሻል አልኳት። «እነ እንቁን ማን ያሻግራቸዋል?» አለችኝ። ነጋዴዎቹ አሁን እሷን ነው የሚያውቋት። መሻገሪያው ላይ ስሟን ጠርተው ይጠይቃሉ። እንኳን እኔ አንተም ብትመጣ አታስቀራትም።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። የአጥሩ ቃጫ እያነሰ ሄደ። የሚፍቀው ሰው በዛ፤ ከላይ ሠፈርም ከታች ሠፈርም መጡ። እኔ ያንተን ቃል ይዤ ከሥር ያዘነበለውን ብቻ አስቆርጣለሁ፤ ሌላውን አላስነካም። በዚህ ተጠላሁ። ንፉግ ተባልኩ። ከዚያ የቸኮልና የእንቁ ሕፃን ሞተች።

በቀበሯት ማግስት በማለዳ ቸኮል ማጭድ ይዞ መጣ። ዓይኑ የሰው ዓይን አይመስልም። «ዛሬ ሁሉንም አጭደዋለሁ። ለቅጠል የምትሳሽውን ያህል ለሰው አልሳሳሽም» አለኝ። ከቃጫው ፊት ቆምኩ።

«የውጩን እጨድ» አልኩት። «የመሐሉን ከነካህ ግን ይሞታል። ዛሬ ባዶ ብናደርገው እንቁ በሚያዝያ ምን ይዛ ወደ ዓባይ ትወርዳለች? የቀሩት ልጆችህስ?»

«እስከ ሚያዝያ ማን ይቆያል?» አለ።

ቤት ገባሁና ከመሻገሪያው ያመጣነውን በቆሎ አውጥቼ በጋቢው ጫፍ አፈሰስኩለት። «እስከ ሚያዝያ እንድትቆዩ» አልኩት። ጋቢውን እንደያዘ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ሐረግ ውሃ አመጣችለት። ከዚያ ተነሣ፤ ከሥር ከሥር ያለውን እየመረጠ እስኪመሽ ሲያጭድ ዋለ። አንድም መሐል አልነካም።

የተከልናቸው ልጆች አሉ። አቧራ ለብሰዋል እንጂ አልሞቱም። ማታ ማታ እየወጣሁ አያቸዋለሁ። ይህ ተክል ያስደንቀኛል፤ ምን ጠጥቶ እንደሚኖር እሱ ፈጣሪው ነው የሚያውቀው።

አክስትህ አሰጋሽ

ወንድሜ አድማሴ፣ ከዚህ በታች እኔ አህመድ የምጽፈው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ለቸኮል የሰጠችው በቤቷ የነበረውን በሙሉ ነው። ይህን አላስጻፈችኝም። ከዚያ ወዲህ የተገኘውን ለሐረግ አቅርባ እሷ የነቢያት ጾም ነው እያለች ትውላለች። ጾሙ ሳይገባም እንዲሁ ነበረች። እኔ ጥቂት ጥሬ ብልክላት በማግስቱ በሌላ ሰው ቤት አገኘዋለሁ። ክንዷ ቀጥኗል፤ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ሦስት ቦታ ትቀመጣለች። የኔን ቃል አትሰማም። አንተ ጻፍላት። አላህ ሁላችንንም ይርዳን።

አህመድ


ቮይ፣ ኬንያ
ጥር 16 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣ ጉልበትዎን ስሜ

ፈጣሪ ከፊታችሁ ያለውን ጊዜ ያቅልላችሁ።

በሕይወቴ ለእርስዎ ትእዛዝ ሰጥቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ይቅር ይበሉኝ። ይብሉ። አህመድ እውነቱን ጽፎልኛል፤ እንዳይቆጡት። ለቸኮል የውጩን እጨድ፣ የመሐሉን አትንካ ብለውታል። የዚያ ቤት መሐል ማን ይመስልዎታል? ሐረግ ናት? እሷን ያቆማት ማን ነው? እርስዎ ከወደቁ የሚፍቁት ሴቶች ሁሉ ማጭዳቸውን ይዘው ወዴት ይሄዳሉ?

እዚህ የማሽኑ አለቃ ካምባ ከሚባለው ያገሩ ጎሣ የሆነ አንድ ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በቃጫ መካከል ነው የኖረ። በተሰባበረ ቋንቋዬ ስለ እርስዎ ነገርኩት፤ ውሻ ስለማይበላው መጫኛ፣ ቸኮል በማጭድ ሲመጣ እንዴት እንደቆሙ። ሥራውን አቁሞ ሰማኝ። ከዚያ፣ «በችጋር ዘመን ተክልን ከራብተኛ የሚጠብቅ ሰው አይቻለሁ፤ በዘበኛና በዱላ ነው። በገዛ ምግቡ የሚጠብቅ ግን አላየሁም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ ስለ ደመወዜ አይደለም፤ «አክስትህ በላች ወይ?» ነው። ምን ልበለው?

እኔ በሥራዬ እመካ ነበር። ዛሬ አልመካም፤ በእርስዎ እመካለሁ። ማሽን፣ ባቡርና መርከብ ያለው እርሻ ላይ ቆሜ፣ በአንድ ሳንቃና በደነዘዘ ቢላ ሠፈር የምታኖር ሴት አክስቴ ናት ብዬ እናገራለሁ። ብዙ አያምኑኝም።

መብላትዎን በአህመድ እጅ ያስጽፉልኝ። እሱ ውሸት አይጽፍም።

አድማሴ


መካነ ሰላም
ሐምሌ 9 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለአድማሴ

ዕድሜህ ይርዘም፤ የቆምክበት አይክዳህ።

እበላለሁ። አህመድ እዚህ ተቀምጦ እየሳቀ ይጽፋል፤ ምስክር ነው። ደብዳቤህ በተነበበ ዕለት ሐረግ እጄን ይዛ አስቀምጣ እንደ ሕፃን አጉርሳኛለች። ለካ ለሁለታችሁም አንድ ቃል ነው ያስተማርኳችሁ። ለዚያ ሽማግሌ በላች በልልኝ፤ ሰላምታዬንም አድርስልኝ።

በልጉ በመጠኑ ዘነበ። ዘር ያለው ጥቂት ነው፣ በሬ ያለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ግን በዶማ ቆፍረን ባቄላ ዘርተናል። አሁን ክረምቱም እየጣለ ነው። ከሠፈራችን የሞቱት ብዙ ናቸው፤ በስም አልጠራቸውም፤ ስትመጣ አብረን እናስባቸዋለን። ቃጫ ከፋቁት ቤቶች ግን የጠፋ ቤት የለም። በየቤቱ ያዘንን ነን፤ የተዘጋ በር ግን የለም።

ደሴ ላይ ተማሪው ተነሣ፣ አዲስ አበባ ላይ ወታደሩ ተነሣ ይላሉ። እኛ ዘንድ የተነሣው የባላባቱ ምስለኔ ነው። ቃጫው እህል አመጣ ሲሉት ሰምቶ በበቅሎ መጣ። ተረተሩ የጌታዬ ርስት ነውና ከሚወጣው ሲሶው ይገባዋል አለ። አጎትህ ገብስ ሲዘራበት አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው እኔን አዩኝ። እኔም በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ሲሶው ይገባል ካሉ ሲሶውን ፍቀው ይውሰዱ» አልኩና ሳንቃውንና ቢላውን ሰጠሁት። ቢቀር ነውር ሆነበት መሰል እጀ ጠባቡን ሰብስቦ ጀመረ። ቅቤ እንዲቀባ ማንም አልነገረው። ጥቂት ፍቆ ክንዱን ማከክ ያዘ፤ ከዚያ አንገቱን፤ ከዚያ በቅሎዬ ይምጣልኝ አለ። እንቁ ልጇ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት። እሱም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

የተከልናቸው ልጆች ዝናብ ሲያገኙ ቀና ቀና ብለዋል። ሐረግ ከሥራቸው ደለል እንዳይተኛ ውሃ መውረጃ ቀድዳለች። ከአቀስታ የመጡ ሴቶች ችግኝ ለምነዋት ተሸክማ ሄዳ አተካከሉን አሳይታቸው ተመልሳለች። እዚያ ብርድ ነው፤ ይበቅል ይሆን?

አክስትህ አሰጋሽ


ቮይ፣ ኬንያ
ሚያዝያ 3 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምና ጥጋብ አብረው ደጃችሁ ይግቡ። ደብዳቤዎ ከብዙ መዘግየት በኋላ ደረሰኝ። ምስለኔው ላይ ሲደርስ ለሽማግሌው ተርጉሜለት ቁጭ ብሎ ነው የሳቀው። ስለ አቀስታ ጠይቄው፣ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም ብሏል፤ ውርጭ በማይበዛበት ዳገት ላይ ይሁን።

አዋጁን በሬዲዮ ሰማሁ። መሬቱ ለሚያርሰው ተሰጠ አሉ። ባላባት የለም፣ ምስለኔ የለም። ደስ ብሎኝ ጮኼ ብቻዬን ቀረሁ፤ በዙሪያዬ የሚገባው ሰው የለም። ማታ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። መሬት ሁሉ ይከፋፈላል ከተባለ ተረተሩስ? ባዶ ድንጋይ በነበረ ጊዜ ማንም አልፈለገውም። ዛሬ ሁሉም ያየዋል። ነቅለው ለእርሻ ቢደለድሉትስ? ከእርስዎ አጠገብ ልሆን ሲገባ ከሩቅ ሆኜ ሐሳብ ብቻ እልካለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ቤተሰብ ሲመዘገብ የኔን ስም አያስጽፉ። የሌለ ሰው ስም አስጻፈች ብለው እንዳያጣሉዎት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ድንጋይ አልፈነቀልኩም፤ ድርሻ አይገባኝም። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

አድማሴ


መካነ ሰላም
ሐምሌ 22 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለልጄ ለአድማሴ

መንገድህን ያቅናልህ። ይህን ምርቃት ለምን እንዳስቀደምኩ ወደ ታች ታገኘዋለህ።

ስሜን አታስጽፉ ያልከው ደብዳቤ የደረሰኝ ካስጻፍኩህ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርሰኝም አልሰማህም ነበር።

የገበሬ ማኅበር ተቋቁሟል። ሊቀ መንበሩ ቸኮል ነው፤ ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ መረጠው። የከተማ ልጆች ዘማች ተብለው መጥተው መሬቱን በገመድ ለኩ፤ ገመዱ የኛው ነው። የፈራኸው ግን ደርሶ ነበር። ከታች ሠፈር ያሉ ሰዎች ተነሥተው ቃጫው ይነቀልና ተረተሩ ለሁሉ በእኩል ይታረስ አሉ። ወይራው ሥር ነው የተሰበሰብነው። እኔ ልናገር ስነሣ ቸኮል በእጁ ተቀመጪ አለኝና እሱ ተናገረ።

«እዚህ ተረተር ላይ ገብስ ዘርቶ ያጨደ ሰው ካለ ይነሣ» አለ። የተነሣ የለም። «እኔ ልጄን በቀበርኩ ማግስት ይህን ቃጫ ልጨርሰው መጥቼ ነበር። ያን ቀን ብጨርሰው ኖሮ ዛሬ ከናንተ ስንታችሁ እዚህ እንደምትቀመጡ አላውቅም። ይህች ሴት ሰድባኝ አይደለም የመለሰችኝ፤ እህሏን ሰጥታኝ ነው።»

የተከራከረው የለም። ቃጫው የማኅበሩ ሆኖ በኔ እጅ እንዲቆይ ተወሰነ። የፈለገ ሁሉ ያጭዳል፣ የውጩን ብቻ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። አድማሴ፣ ሰውን ማድነቅ ለእናንተ ለወጣቶች ቀላል ነው። እኔ ሰው ሳደንቅ የኖርኩት በጥንቃቄ ነው። ቸኮልን ግን ያን ቀን አደነቅሁት። በሰው ሁሉ ፊት ስለ ራሱ እንዲያ የሚናገር ወንድ አላየሁም።

ከዚያ ምዝገባ ሆነ። ዘማቹ ልጅ በቤትሽ ማን ማን አለ አለኝ። እኔ፣ ሐረግና አድማሴ አልኩ። አድማሴ የታለ ሲለኝ ኬንያ ነው አልኩት። የሌለ ሰው አይጻፍም፤ አዋጁ አይፈቅድም አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው። ያኔ እንቁ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በሸንጎ ተናግራ አታውቅም። «እንዴት እንደሚታጨድ ጽፎ የላከልን ማን ነው? በዚያ ዓመት በያንዳንዱ ቀን ስሙን ስንጠራ ነበር። አለ» ብላ ተቀመጠች። ቸኮልም ሳቀ። ልጁ ወደ ቸኮል አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ጻፈህ።

ስለዚህ መሬት አለህ። ከቃጫው በላይ፣ ከተረተሩ ጫፍ ነው። አንዱን ድንጋይ ስታነሣው ሌላው ከሥሩ ይጠብቅሃል፤ ማንም አልቀናብህም። ሐረግ የራሷ ድርሻ ደርሷታል፤ የአንተን ልትፈነቅል አትመጣም፤ እኔም ጉልበቴ አርጅቷል።

አዋጁ መሬቱ ለሚያርሰው ነው ይላል። ቸኮልም ለሚቀጥለው ዓመት ብቻ እንደሚያስጠብቅልህ ነግሮኛል፤ ከዚያ ለሌላ ይሰጣል። ዲጅኖ ይዘህ ና።

አክስትህ አሰጋሽ